ቀለሙ የሚለዋወጥ ብርጭቆ፦ የጥንት የአበባ ማስቀመጫዎችና ሰብሳቢዎቻቸው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ የተሠሩ፣ ወደ ብርሃን ባዘነበሏቸው ቁጥር ከወርቃማ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚለዋወጡ የአበባ ማስቀመጫዎች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ጨረታዎች እስከ ዛሬ ፈላጊ አላቸው። ይሁንና ስምና ፊርማ አይቶ የሚገዛ ሰው በዚህ መስክ በቀላሉ ይታለላል። ሥራውን ራሱን መመርመር የሚችል ግን በትንሽ ገንዘብም ትልቅ ነገር ያገኛል።

የውበቱ ምንጭ አርኪኦሎጂ ነው። ለዘመናት ተቀብሮ የኖረ የሮማውያን ብርጭቆ በእርጥበት ሳቢያ ገጹ በስሱ ይነባበራል፤ ብርሃንም በንብርብሩ ላይ ሲነጥር ኅብረ ቀለም ይፈጥራል። ቁፋሮ እነዚህን ዕቃዎች ሲያወጣ፣ የአውሮፓ ባለሙያዎች ያንኑ ውጤት በእቶን ለማግኘት ተነሡ። የቪየናው ብርጭቆ ሠሪ ሎብማየር እ.ኤ.አ. በ1873 በከተማው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሥራውን ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ገና በጋለው ዕቃ ላይ ቲን ክሎራይድን የመሰለ ጨው ይረጫል፤ ጨውም ገጹ ላይ እጅግ ስስ ሽፋን ይተዋል።

ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚያነሷቸው ሦስት ስሞች ናቸው። ሉዊስ ኮምፈርት ቲፋኒ ከእንግሊዝ በመጣው ባለሙያ በአርተር ናሽ እገዛ በኒው ዮርክ ኮሮና እቶን አቁሞ፣ «ፋቭሪል» የሚለውን የንግድ ምልክት በ1894 አስመዘገበ። በቦሄሚያ፣ በዛሬዋ ቼክ፣ የሎትዝ ፋብሪካ በማክስ ሪተር ፎን ሽፓውን አመራር «ፌኖሜን» የተባለውን ሥራ አወጣ፤ በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽንም ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። በዚህ ሥራ የብርጭቆ ክሮች በጋለው ገጽ ላይ ተጠምጥመው ሳይቀዘቅዙ ስለሚጎተቱ፣ እንደ ማዕበል ይተጣጠፋሉ። ፍሬድሪክ ካርደር ደግሞ በ1903 በኮርኒንግ ከተማ የስቱበን ብርጭቆ ፋብሪካን መሥርቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ወርቃማውን «ኦረን» ለገበያ አቀረበ።

ከእነዚህ ሥር ሰፊ መስክ አለ። ከቲፋኒ የወጡ ባለሙያዎች በኒው ዮርክ ኬዛል የተባለውን ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በቦሄሚያም እነ ክራሊክና ሪንድስኮፍ ብዙ አመረቱ። የፌንተን ኩባንያ በ1907 ገደማ የጀመረው፣ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ የሚሠራው ካርኒቫል ብርጭቆ ደግሞ ውበቱን ለተራው ቤት አደረሰ።

ችግሩ አብዛኛው የሎትዝ ሥራ ፊርማ የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህም ሻጮች የሌሎችን የቦሄሚያ ሥራዎች «ሎትዝ» ይሏቸዋል። እዚህ ላይ የሚረዳው ከፋብሪካው የተረፈው የወረቀት ንድፍ ነው፤ አዋቂዎች የዕቃውን ቅርጽ ከንድፉ ጋር ያስተያያሉ። ለቲፋኒና ለስቱበን ደግሞ ተቃራኒው ያሰጋል፤ ፊርማ በማንኛውም ብርጭቆ ላይ በኋላ ሊቀረጽ ይችላል።

ስለዚህ ዕቃውን ገልብጡት። ብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ የኖረ ዕቃ መቀመጫው ላይ በየአቅጣጫው የተበታተኑ ስስ ጭረቶች ይኖሩታል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ከሆኑ ሆን ተብሎ በአሸዋ ወረቀት የተፈተገ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አፉን በጣት ዳስሱት፤ የተሰበረ ጠርዝ ተሞርዶ ከሆነ ጠፍጣፋና ሹል ይሆናል፣ ቁመቱም ከአምሳያዎቹ ያንሳል። ለመብራት ማቆሚያነት ተበስቶ እንደሆነም ታችኛውን ክፍል አስተውሉ።

ሽፋኑ ስስ ነውና አያያዙም ጥንቃቄ ይሻል። ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ የዕቃ ማጠቢያ ማሽንና ሻካራ መፈተጊያ ያበላሹታል።

ዓይንን የሚያሠለጥነው ብዙ ትክክለኛ ሥራ ማየት ነው። የኮርኒንግ የብርጭቆ ሙዚየም፣ በፍሎሪዳ ዊንተር ፓርክ ያለው የሞርስ ሙዚየምና የጀርመኑ የፓሳው የብርጭቆ ሙዚየም ለዚህ የታወቁ ናቸው። ለጀማሪ የምመክረው አጠራጣሪ «ቲፋኒ» ከመግዛት ያልተፈረመ ነገር ግን በጥሩ እጅ የተሠራ የቦሄሚያ ሥራ መግዛትን ነው፤ ዋጋው ይቀላል፣ እሱን በመመርመር የሚገኘው ዕውቀትም ለቀጣዩ ግዢ ስንቅ ይሆናል።