«ኦላፍ»፦ የአንድ ስካንዲኔቪያዊ የተጸውዖ ስም ሥርወ ቃልና ሥርጭት

የተጸውዖ ስም ከሌሎች ቃላት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ተራ ቃል ትርጉሙ ሲረሳ ከአገልግሎት ይወጣል፤ ስም ግን ትርጉሙ ከተረሳ በኋላም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ፣ ከአገር ወደ አገር ሲተላለፍ ይኖራል። ከዚህ የተነሣ ስሞች ሌላ የጽሑፍ ማስረጃ በሳሳበት ስፍራ የቋንቋ ለውጥንና የሕዝቦችን ግንኙነት ለማጥናት ያገለግላሉ። ለዚህ ጥሩ ማሳያ ከሚሆኑት ስሞች አንዱ በኖርዌይ «ኦላቭ»፣ በስዊድን «ኦሎፍ»፣ በዴንማርክ «ኦሉፍ»፣ በአይስላንድ «ኦላፉር» የሚባለው፣ ከስካንዲኔቪያ ውጭ ደግሞ በአብዛኛው «ኦላፍ» በሚል አጠራር የሚታወቀው የወንድ ስም ነው።

ስለዚህ ስም መስፋፋት በተለምዶ የሚሰጠው ማብራሪያ አጭር ነው። ስሙ የታወቀው በ1030 በጦር ሜዳ በወደቀውና በማግሥቱ ዓመት ቅዱስ በተባለው የኖርዌይ ንጉሥ በኦላፍ ሃራልድሶን ምክንያት ነው ይባላል። ማብራሪያው ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው፤ ምክንያቱም ስሙ ከንጉሡ ሞት ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ባሕር ተሻግሮ በአየርላንድ ይነገር ነበር። ይህ ጽሑፍ የስሙ ታሪክ ሦስት ንብርብሮች እንዳሉት ያሳያል፤ እነርሱም የዘር ስም፣ የቅዱስ ስምና የብሔር ስም ናቸው። እያንዳንዱ ንብርብር በስሙ ቅርጽ ወይም አገልግሎት ላይ የራሱን አሻራ ትቷል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሥርወ ቃሉና ትርጉሙ

የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች የጋራ መነሻ በሆነው በጥንታዊው የኖርስ ቋንቋ ስሙ «ኦላፍር» ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን «አሌይፍር» የሚል ቅርጽም ተመዝግቧል። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች ሁለቱን ቅርጾች በማነጻጸር ከዚያ የሚቀድመውን ቅርጽ «አኑላይባዝ» ብለው መልሰው ያዋቅሩታል። ይህ ጥምር ስም በሁለት ክፍሎች የተመሠረተ ነው። የመጀመሪያው ክፍል «አኑ» ቅድመ አያትን ያመለክታል። ሁለተኛው ክፍል «ላይባዝ» ደግሞ «የቀረ»፣ «ቅሪት»፣ «ወራሽ» የሚል ትርጉም አለው። ይኸው ሁለተኛ ክፍል «ቶርሌይፍ» በመሰሉ ጥምር ስሞች ውስጥ ይገኛል፤ በ1000 ዓ.ም. ገደማ ሰሜን አሜሪካ የደረሰው የሌይፍ ኤሪክሶን ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በጀርመንኛ «መቅረት» የሚል ፍቺ ያለው «ብላይበን» የተሰኘው ግስ እንኳ የዚህ ሥር ዘመድ ነው።

ሁለቱ ክፍሎች ሲጣመሩ «የቅድመ አያት ቅሪት» ወይም «የአባቶች ወራሽ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጀርመናዊ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ጥምር ስም ሲያወጡ አንዱን ክፍል ከአባት ወገን፣ ሌላውን ከእናት ወገን ወስደው የሚያጣምሩበት ጊዜ ስለነበረ፣ ጥምረቱ ሁልጊዜ እንደ ሐረግ የሚነበብ መልእክት ይኖረዋል ማለት አይቻልም። ሆኖም የዚህ ስም ትርጉም በጥንታዊ ስካንዲኔቪያ ከታወቀ አንድ ልማድ ጋር ይጣጣማል፤ ይኸውም አዲስ የተወለደን ልጅ በሞተ ዘመድ ስም መሰየም ነው። ልጁ የሟቹን ስም ሲወርስ ክብሩንና ዕድሉንም አብሮ ይወርሳል ተብሎ ይታመን ነበር። በአማርኛ «ተካ» እና «ምትኩ» የሚባሉት ስሞች ለዚህ ሐሳብ ቅርብ ናቸው፤ ልዩነቱ የኖርሱ ስም የሚያመለክተው በቅርቡ የተለየን አንድ ሰው ሳይሆን የዘሩን ሐረግ ራሱን መሆኑ ነው።

በኋላ ዘመን በአይስላንድ የተጻፈ አንድ ትውፊትም ይህንኑ እምነት ያንጸባርቃል። በትውፊቱ መሠረት በጌይርስታድ የተቀበረ ኦላፍ የሚባል ጥንታዊ ንጉሥ ነበር፤ መቃብሩ ተከፍቶ ሰይፉ፣ ቀበቶውና ቀለበቱ ወጡ፤ በዚያው ሰሞን የተወለደው ሕፃንም በእርሱ ስም ተጠራ። ሕፃኑ ኋላ ቅዱስ የተባለው ኦላፍ ሃራልድሶን ነው። ታሪኩ እንደ ታሪካዊ ድርጊት የሚወሰድ አይደለም። ዋጋው የስሙ ጥንታዊ ትርጉም ክርስትና ከገባ በኋላም ከሰው አእምሮ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ማመልከቱ ነው።

ድምፅ እንደ ማስረጃ

ከ«አኑላይባዝ» ወደ «ኦላፍር» የተደረገው ጉዞ በድምፅ ለውጥ የተሞላ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የነበረው «ን» እንደ ተነባቢ ጠፋ። ሲጠፋ ግን ዱካውን አልወሰደም፤ ከፊቱ የነበረው አናባቢ ረዝሞ በአፍንጫ የሚነገር፣ ማለትም ሰርናዊ አናባቢ ሆነ። ቀጥሎም ይህ «አ» መሰል አናባቢ በከንፈር ክበት ወደ «ኦ» ተለወጠ። በመጨረሻም የሰርናዊነቱ ባሕርይ ከአብዛኞቹ የስካንዲኔቪያ ቀበሌኛዎች ጠፋና ዛሬ የሚሰማው ተራ «ኦ» ቀረ።

ይህ ለውጥ በራሱ በስካንዲኔቪያ ብዙ ጽሑፍ ባልነበረበት ዘመን የተከናወነ ስለሆነ፣ ደረጃዎቹን በጊዜ ለመወሰን አስቸጋሪ ነው። መፍትሔው የሚገኘው ከጎረቤቶቹ ጽሑፍ ነው። የአየርላንድ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች በ853 ወደ አገራቸው የመጣን የቫይኪንግ መሪ ሲመዘግቡ ስሙን «አምላይብ» በሚያስነብቡ ፊደላት ጻፉት። በጥንታዊው የአየርላንድ ቋንቋ በዚህ ስፍራ የሚገኘው «ም» እንደ ተራ «ም» አይነበብም ነበር፤ በአፍንጫ የሚነገር የ«ቭ» ዓይነት ድምፅ ነበረው። ጸሐፊዎቹ ይህን ፊደል የመረጡት ከኖርስ ተናጋሪዎች አፍ የሰሙት አናባቢ ሰርናዊ ስለነበረ ነው።

በእንግሊዝም ተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። የአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል በ937 በብሩናንቡርህ ጦርነት የተሸነፈውን የደብሊን ንጉሥ «አንላፍ» ይለዋል፤ በ990ዎቹ እንግሊዝን የወረረውንና ኋላ የኖርዌይ ንጉሥ የሆነውን ኦላፍ ትሪግቫሶንንም እንዲሁ «አንላፍ» ብሎ ይጠራዋል። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ሰርናዊውን አናባቢ የሰሙት «አን» ሆኖ ነው። በመሆኑም ሁለት የማይዛመዱ የአጻጻፍ ልማዶች፣ አንደኛው በ«ም» ሌላው በ«ን»፣ ስለ አንድ ድምፅ ይመሰክራሉ።

ይህ ማስረጃ ለተነሣው ጥያቄ ወሳኝ ነው። በአየርላንድና በስኮትላንድ ሥር የሰደደው ቅርጽ ከሰርናዊው አናባቢ የወጣ ስለሆነ፣ ስሙ ወደዚያ የደረሰው በቤተ ክርስቲያን በኩል በላቲን «ኦላውስ» ወይም «ኦላቩስ» ተብሎ ሳይሆን ከሰፋሪዎችና ከመሳፍንት አንደበት በቀጥታ ነው። በ981 በስኮትላንድ በአዮና ገዳም የሞተው የደብሊን ንጉሥ አምላይብ ኩዋራን ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ስሙ የኖርስ፣ ቅጽሉ ደግሞ የአየርላንድ ቋንቋ ነው። ዛሬ «ማካሊፍ» እና «ማኮሌይ» የሚባሉት የቤተሰብ ስሞች ከዚሁ ቅርጽ የወረዱ ሲሆን ሁለቱም «የአምላይብ ልጅ» ማለት ናቸው። የስሙ ባለቤቶች የኖርስ ሥረ መሠረቱን የሚያውቁት በመዝገበ ቃላት ካልሆነ በቀር ከአጠራሩ አይደለም።

ቅዱሱ ንጉሥና የስሙ ሁለተኛ ጉዞ

ኦላፍ ሃራልድሶን ከ1015 እስከ 1028 ኖርዌይን ገዝቶ በተቃዋሚዎቹና በዴንማርኩ ንጉሥ በክኑት ኃይል ከዙፋኑ ተባረረ። ዙፋኑን ለማስመለስ ሲሞክር ሐምሌ 29 ቀን 1030 በስቲክለስታድ ጦርነት ተገደለ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1031፣ ጳጳሱ ግሪምኬል ቅድስናውን በኒዳሮስ አወጀ። ኒዳሮስ የዛሬዋ ትሮንድሃይም ናት። በመቃብሩ ላይ የተሠራው ካቴድራል ከስካንዲኔቪያ ሁሉ ተሳላሚዎችን የሚስብ ስፍራ ሆነ። የሞተበት ዕለት በኖርዌይ «ኦልሶክ»፣ በፋሮ ደሴቶች «ኦላቭሶካ» ተብሎ እስከ ዛሬ ይከበራል፤ ቃሉ ራሱ «የኦላፍ ዋዜማ» ማለት ነው።

የአምልኮቱን ፍጥነት ለመረዳት ዮርክ ከተማን መመልከት ይበቃል። የኖርተምብሪያው ገዥ ሲዋርድ በ1055 ሲሞት የተቀበረው ራሱ ባሠራትና በኦላፍ ስም በተሰየመች ቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሡ ከሞተ ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። በለንደንም በስሙ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ታነጹ፤ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ የሚገኘው «ቱሊ ስትሪት» የተባለው መንገድ ስያሜውን ያገኘው «ሴንት ኦላቭ» የሚለው አጠራር በሰው አፍ ተለዋውጦ ነው። በባልቲክ ባሕር በኩል ደግሞ የጎትላንድ ነጋዴዎች በኖቭጎሮድ በስሙ ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። በታሊን የሚገኘው የቅዱስ ኦላፍ ቤተ ክርስቲያን በ1267 ተጠቅሶ ይገኛል፤ በፊንላንድ በ1475 መሠራት የጀመረው የኦላቪንሊና ግንብም በእርሱ ስም ነው የተጠራው። በእነዚህ አገሮች «ኦሌቭ»፣ «ኦላቪ»፣ «ኡኦሌቪ» እና «ኦሊ» የተባሉት የወንድ ስሞች ሥር ሰድደዋል።

እዚህ ላይ በእንግሊዝ የታየው ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። በአንድ አገር ውስጥ የ10ኛው መቶ ዘመን ወራሪዎች «አንላፍ»፣ ከ11ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ግን «ኦላቭ» ይባላሉ። ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት መንገድ ገብቷል። የመጀመሪያው በጦር መርከብ፣ ሁለተኛው በጸሎት መጽሐፍ ነው።

በስካንዲኔቪያ ውስጥ ግን ሁለቱን መንገዶች እንዲህ መለየት አይቻልም። ከ1067 እስከ 1093 የነገሠው ኦላፍ ኪሬ የቅዱሱ የእናት ልጅ ወንድም የነበረው የሃራልድ ሃርድራዳ ልጅ ነው። ይህን ልጅ «ኦላፍ» ብሎ መሰየም እንደ ጥንቱ ልማድ የሞተን አጎት ስም ማስቀጠል ነበር፤ እንደ አዲሱ እምነት ደግሞ ልጁን በቅዱስ ጥበቃ ሥር ማኖር ነበር። አዲሱ ሃይማኖት የቀድሞውን የስም አወጣጥ ልማድ አልሻረውም፤ ሌላ ምክንያት ጨመረለት እንጂ።

ከዙፋን ወደ ገበሬ ቤት

በ1387 ኖርዌይንና ዴንማርክን በአንድነት የገዛው ወጣቱ ንጉሥ ኦላፍ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሳይደርስ ሞተ። ከእርሱ በኋላ ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ በስካንዲኔቪያ ዙፋኖች ላይ በዚህ ስም የተጠራ ንጉሥ አልተቀመጠም። በ16ኛው መቶ ዘመን የመጣው የሉተራን ተሐድሶም የቅዱሳንን አምልኮ አስቀረ። ይሁን እንጂ ስሙ አልጠፋም። በላቲን የሚጽፉ ምሁራን «ኦላውስ» እያሉ ተጠቀሙበት፤ ስዊድናዊው የተሐድሶ መሪ ኦላውስ ፔትሪና በ1555 ስለ ሰሜን ሕዝቦች ታሪክ ያሳተመው ካቶሊካዊው ኦላውስ ማግኑስ በሃይማኖት ተቃራኒ ሲሆኑ በስም አንድ ነበሩ።

በሕዝቡ ዘንድ ስሙ በቁልምጫ ቅርጾች ኖረ። በዴንማርክና በኖርዌይ «ኦሌ»፣ በኖርዌይ ገጠር «ኦላ»፣ በስዊድን «ኡሌ» የሚሉት ቅርጾች ከሙሉው ስም በላይ ተዘወተሩ። በ1676 ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚወስድ ያሳየው ዴንማርካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኦሌ ሮመር ከእነዚህ አንዱ ነው። «የኦሌ ልጅ» የሚለው መጠሪያም በዴንማርክና በኖርዌይ «ኦልሰን»፣ በስዊድን «ኦልሶን» እየተባለ ተስፋፋ። ኖርዌይ በ1923 ባወጣችው ሕግ ቋሚ የቤተሰብ ስም ግዴታ ሲሆን ይህ መጠሪያ ከትውልድ ትውልድ የማይለወጥ ሆኖ ጸና፤ በአይስላንድ ግን «ኦላፍሶን» እስከ ዛሬ በቀጥታ የኦላፉር ልጅ ማለት ነው። በስደት ወደ አሜሪካ የሄዱ ኖርዌያውያን በ1874 በሚኒሶታ ያቋቋሙትን ትምህርት ቤት በቅዱስ ኦላፍ ሰይመውታል። ስሙ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ተራውን የኖርዌይ ዜጋ ለመወከል «ኦላ ኖርድማን» የሚል መጠሪያ ወጣ።

1905፦ ስም እንደ አገር ምልክት

ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ጋር የነበራትን ኅብረት አፍርሳ የራሷን ንጉሥ ስትመርጥ ምርጫው በዴንማርኩ ልዑል ካርል ላይ ወደቀ። ልዑሉ «ሆኮን ሰባተኛ» የሚለውን ጥንታዊ የነገሥታት ስም ወሰደ። በ1903 በእንግሊዝ ተወልዶ «አሌክሳንደር» ይባል የነበረው የሁለት ዓመት ልጁም «ኦላቭ» ተባለ። የተመረጠው ሰዎች በየዕለቱ ይጠሩበት የነበረው «ኦሌ» ወይም ዴንማርካዊው «ኦሉፍ» አልነበረም፤ ለጥንቱ የኖርስ ቅርጽ የቀረበው «ኦላቭ» ነበር። ልጁ በ1957 ኦላቭ አምስተኛ ተብሎ ሲነግሥ በ1387 የተቋረጠው ቁጥር ቀጠለ። በ1958ም ቡራኬውን የተቀበለው በቅዱሱ መቃብር ላይ በተሠራው በኒዳሮስ ካቴድራል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ የስም ሥርጭት በአንድ ምክንያት ብቻ እንደማይብራራ ነው። ቅዱሱ ንጉሥ ለስሙ መስፋፋት ትልቁ ምክንያት ቢሆንም፣ ለአየርላንዱና ለስኮትላንዱ ቅርጽ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ያ ቅርጽ በዚያ የተተከለው እርሱ ሳይወለድ ነው። ይህን የሚያሳየው አንድ ሰነድ ሳይሆን በ«ም» እና በ«ን» የተያዘ አንድ የጠፋ ድምፅ ነው። በዴንማርክ ቤተሰብ ተወልዶ ለኖርዌይ የተሰጠ የሁለት ዓመት ሕፃን «የአባቶች ወራሽ» የሚል ፍቺ ባለው ስም መጠራቱም፣ ፍቺውን የሚያስታውስ ሰው ኖረም አልኖረ፣ ስሙ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራ የኖረውን ሥራ ዳግም መሥራቱን ያመለክታል።