የልጅ ቀለብ ሶደቃ አይደለም

ባለፈው ዓመት ረመዳን አጋማሽ ላይ፣ ከተራዊሕ በኋላ፣ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ መስጂዳችን በር ላይ ጠበቀችን። «ሼኻችን፣ አባታቸው ለኢፍጣር ሦስት በግ እንደሰጠ ሰማሁ። ለነዚህ ግን ከሸዋል ወዲህ አንድ ብር አላየሁም» አለችን። እውነቷን ነበር። በጎቹን አሳርደን ለጾመኛው ያበላነው እኛው ነን።

ወደኛ ስትመጣ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ከስምንት ወር በፊትም መጥታ፣ ሽማግሌ ሰብስበን፣ አባትዬውን አስቀምጠን «እሺ» አስብለነው፣ እሷን «ሰብር አድርጊ» ብለን ሸኝተናታል። እሺታው በቃል ቀረ። ይህን የምንጽፈው ጥፋቱ የኛም ስለሆነ ነው። በየመስጂዱ ያለን ኢማሞች እርቅን ስንወድ የልጆችን ሐቅ የምናስበላበት ጊዜ አለ።

እንዴት እንደሚበላ እንንገራችሁ። በሻፊዒይ መዝሀብ፣ ያለፈ የልጅ ነፈቃ ቃዲ ካልወሰነበት በቀር በአባት ላይ ዕዳ ሆኖ አይቆይም። የአገራችን የቤተሰብ ሕግም ቢሆን፣ ሳይከፈል የተጠራቀመ ቀለብ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይቀራል ይላል፤ ጠያቂው ለመኖር የግድ የሚያስፈልገው መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር። እንግዲህ ያቺ እናት በኛ ምክር የታገሠችበት ጊዜ ከልጆቿ ሐቅ ላይ የተቆረጠ ነው።

ነፈቃ የአባት ቸርነት አይደለም። የአቡ ሱፍያን ሚስት ሂንድ ባሏ ለእሷና ለልጇ የሚበቃ እንደማይሰጥ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስትነግራቸው፣ እሷንና ልጇን በአግባቡ የሚበቃውን ከገንዘቡ እንድትወስድ ነው የፈቀዱላት። ጠብቂ አላሏትም። ፉቀሃዎችም አባት ዘካውን ለትንሽ ልጁ ቢሰጥ ዘካ አይሆንለትም ይላሉ፤ ያለበትን ግዴታ በዘካ ሊከፍል ነውና። ገንዘብ የሌለውን ትንሽ ልጅ ዘካተል ፊጥር የሚያወጣውም አባቱ ነው። ሚስቱን ፈታ ማለት ልጁን ፈታ ማለት አይደለም።

አሁን ወዴት ይኬዳል? ሁለት በር አለ። የመጀመሪያው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ተብለው በሦስት እርከን ይዳኛሉ። ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። ጋብቻው በኢስላም ሥርዓት የተፈጸመ ከሆነ ቀለብን፣ ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ውርስን ያያሉ። ቁልፉ ስምምነት ነው። ተከሳሹ መጥሪያ ደርሶት በግልጽ ከተቃወመ ፋይሉ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ መጥሪያው ደርሶት ዝም ብሎ ከቀረ ግን እንደተስማማ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። አንዴ በፈቃድ ከገቡ በኋላ ፍርዱ አልጣመኝም ብሎ ወደ ሌላው መዞር የለም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ማሰብ ነው።

ሁለተኛው በር መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ቀለብ ሲል ምግብን ብቻ አይደለም፤ መኖሪያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትንም ይጨምራል። ልኩ በልጁ ችግርና በአባቱ አቅም ይወሰናል፤ ኑሮ ሲወደድ ወይም የአባት ገቢ ሲለወጥ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክል ሰውም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በእስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። ለዳኝነት የሚከፈል የሌላት እናት በደኻ ደንብ ልትከስ ትችላለች፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ስትሄዱ የኒካሕ ወረቀታችሁን፣ የልጁን የልደት ማስረጃና የአባቱን ገቢ የሚያሳይ ነገር ያዙ።

ወደ ውርስ እንምጣ፤ የሚብሰው ግርግር እዚህ ነው። «አባቴ ከውርስ ነቅሎኛል» እያሉ የሚያለቅሱ ልጆች ይመጡብናል። አባት በሕይወት እያለ ውርስ የሚባል ነገር የለም፤ በሸሪዓ ደግሞ አባት ልጁን በአፉም በወረቀትም ሊነቅል አይችልም። ድርሻውን የደለደለው አላህ ነው፤ ሱረቱ ኒሳእ 11ኛው አንቀጽ። አባት በኑዛዜ ማዘዝ የሚችለው እስከ ሲሶ ብቻ ነው፤ ያውም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ለወራሽ አይሆንም። በመደበኛው ሕግ ግን ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ በግልጽ ጽፎ ልጁን ሊነቅል ይችላል። አንዱን በር ከሌላው የሚለየው አንዱ ነገር ይኸው ነው።

በሕይወት እያለ በስጦታ ለአንዱ ልጅ ቤቱን ቢሰጥስ? የኑዕማን ኢብኑ በሺር አባት ለእርሱ ብቻ ስጦታ ሰጥቶ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሊያስመሰክር ቢመጣ፣ ለሌሎቹ ልጆቹ አለመስጠቱን ሲሰሙ በበደል ላይ አልመሰክርም ብለውታል። ዑለማዎች ሐራም ነው ወይስ የተጠላ በሚለው ይለያያሉ፤ ስለዚህ የተጠናቀቀን ስጦታ ማስመለስ ቀላል አይደለም። በሞት ሕመም ላይ ሆኖ የሰጠው ግን እንደ ኑዛዜ ይታያልና ይህን ለቃዲው ማንሳት ይገባል።

አክፋፈሉን በቁጥር እንየው። ሟች ሚስት፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ትቶ፣ የቀብር ወጪው፣ ዕዳውና ኑዛዜው ተነሥቶ 800,000 ብር ቢተርፍ፣ ሚስት 100,000፣ ወንዱ 350,000፣ እያንዳንዷ ሴት 175,000 ይደርሳቸዋል። ያልተከፈለ የእናት መህር ካለ ዕዳ ነው፤ ከሁሉ በፊት ይወጣል። ብዙ ቤት ይህ ይረሳል። በመደበኛው ሕግ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይወርሳሉ። ሴት ልጅን የግድ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መጎተትም አይቻልም፤ በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንዲት ወራሽ ሳትስማማ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠባትን ውሳኔ ሽሮታል። እኛ ሸሪዓውን እንመክራለን፤ የልጅቷን አፍ ዘግተን ግን አይደለም። ደግሞስ በሸሪዓ የተጻፈላትን ግማሽ እንኳ ሳይሰጧት «ሸሪዓ ነው» የሚሉ ወንድሞች ስንት ናቸው!

የኡሑድ ሸሂድ የሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ሁለት ሴት ልጆችን ገንዘብ አጎታቸው ጠቅልሎ ሲወስድ እናታቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ከሰሰች። ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛ፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛ እንዲሰጥ፣ የተረፈው የእርሱ እንዲሆን ነው አጎትየውን ያዘዙት። መክሰሷን ማንም አላነወረባትም።

ከኒካሕ ውጭ የተወለደ ልጅ ነገር ከባድ ነው። በብዙኃኑ ዑለማእ ዘንድ ከእናቱ እንጂ ከአባቱ አይወርስም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ደግሞ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት ይሰጠዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ የያዘች እናት የትኛው በር ለልጇ እንደሚከፈት ሳታውቅ እንድትፈርም ማድረግ አማና ማጉደል ነው።

ያቺ እናት ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት ከሰሰች። በዚህ ጊዜ ሽማግሌ አልላክንም፤ ምስክር ሆነን ሄድን። አባትዬው መጥሪያ ደርሶት ቀረበ፣ ተስማማ፣ በየወሩ የሚከፍለው ተቆረጠበት። እስካሁን ይከፍላል። እኛን ግን ሰላም አይለንም፤ ዘንድሮ በግም አላመጣም።