የዱንጉዛው ጥቁር ጥለት

የቀለም ኔጋቲቭ ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ ነጩ ጠቁሮ፣ ቀዩ አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ መስሎ፣ በሁሉም ላይ ብርቱካንማ ሽፋን ደርቦ ይገኛል። ሽፋኑ የእርጅና ምልክት አይደለም። የፊልሙ ማቅለሚያዎች ፍጹም ንጹሕ ባለመሆናቸው የሚመጣውን መዛባት እንዲያካክስ አምራቾች ሆን ብለው ያስገቡት ነው፤ መጠኑም ከፊልም ፊልም ይለያያል። ስለዚህ ስካነሩ ዋናውን ቅጂ ከመውሰዱ በፊት ቶሎ አንብቦ በፕሪቪው የሚያቀርበው ምስል፣ ሶፍትዌሩ ሽፋኑን ቀንሶና ምስሉን ገልብጦ የደረሰበት ግምት ነው። ብዙ ሰው ግን ግምቱን ፎቶው ራሱ አድርጎ ይቀበለዋል።

ግምቱ እንዴት እንደሚስት ለማየት ወላይታ ውስጥ ሻንቶ ላይ በዘመን መለወጫው በጊፋታ የተነሳ ፎቶ እናስብ። ፍሬሙን የሞላው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነውን የወላይታ ባህላዊ ልብስ ዱንጉዛ የለበሰ ሕዝብ ነው፤ ከሥሩም ቀይ አፈር። አውቶማቲክ ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፎቶ ውስጥ ቀለሞች በአማካይ ይመጣጠናሉ ብሎ ስለሚነሳ፣ የበዛውን ቀይ እንደ ጥፋት ቆጥሮ ይቀንሰዋል፤ የሰዉም ፊት ይገረጣል። ቀጣዩ ፍሬም የእንሰት ጓሮ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴውን ቀንሶ ወይንጠጅ ያለብሰዋል። ሌላም ጣጣ አለ፦ የፊልም መያዣው ፕላስቲክ ብርሃን ስለማያሳልፍ፣ ሲገለበጥ ከሁሉ የነጣው ነገር እሱ ይሆናል። የተመረጠው ክልል መያዣውን ከነካ ሶፍትዌሩ ነጩን በሱ ይለካና ፎቶውን ያጨልመዋል። መፍትሔው መጀመሪያ ክልሉን ከፍሬሙ ጠርዝ ወደ ውስጥ መሰብሰብ ነው። ከዚያም በሁለት ፍሬሞች መካከል ካለው ብርሃን ያልነካው ባዶ ፊልም የሽፋኑን ቀለም ማስነበብና ለጥቅሉ በሙሉ መቆለፍ ይገባል፤ ቪውስካን የተባለው የስካነር ሶፍትዌር ለዚህ የራሱ መቆለፊያ አለው።

«በኋላ በፎቶሾፕ ይስተካከላል» የሚል ይኖራል። በእያንዳንዱ ቀለም 16 ቢት ይዞ ያልተነካውን ጥሬ ቅጂ ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ እውነት አለው። ነገር ግን 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ፍሬም በ3200 ዲፒአይ በዚህ መንገድ ሲቀመጥ 80 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ቦታ ለመቆጠብ በጄፔግ የሚያስቀምጥ ደግሞ በእያንዳንዱ ቀለም 256 እርከን ብቻ ይቀረዋል፣ የብርሃን ስርጭቱን በሚያሳየው ግራፍ፣ በሂስቶግራሙ፣ ጫፍ ላይ ተቆርጦ የቀረው የነጠላ ጥልፍም አይመለስም። «የዚያን ቀን ትክክለኛ ቀለም ማን ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል፤ ማቅለሚያ ይደበዝዛል፣ የዱንጉዛው ቀይም ከሸማኔ ሸማኔ ይለያያል። ጥቁሩ ጥለት ግን ጥሩ መለኪያ ነው። ፕሪቪው ላይ ጥቁሩ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ስክሪኑ ራሱ የተስተካከለ እስከሆነ ድረስ፣ ቀዩን ከመንካት በፊት ግምቱን ማረም ይሻላል። የፎቶውን ጥራት በፕሪቪው መፍረድ ግን አይቻልም፦ በ300 ዲፒአይ የተነበበ ፍሬም ወርዱ 425 ፒክስል ያህል ብቻ ስለሆነ አቧራውም የደበዘዘውም ዓይን አይታይበትም።