ነዳጅ ያለበት ሀገርና የነዳጅ ሥራ

ከባሕር ዳር የተነሣ መኪና ሐሙሲትን አልፎ፣ ጉማራን ተሻግሮ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በጎንደር አድርጎ መተማ፣ ከዚያም ሱዳን ይገባል። ሌላው በደብረ ታቦርና በጋሸና ወልድያ ወርዶ ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ይወስዳል። ሁለቱም ስደተኛ የሚያውቃቸው መንገዶች ናቸው። ደላላ ግን ስለ መንገዱ ማውራት አይወድም። «ነዳጅ ያለበት ሀገር ነው የምልክህ» ይላል፤ ቀሪውን ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል። ነዳጅ ካለ ገንዘብ አለ፤ ገንዘብ ካለ ሥራ አለ፤ ሥራውም ነዳጅ ላይ ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ያለው ግን መፈተሽ አለበት።

«ሳዑዲ የገባ ነዳጅ ላይ ይሠራል»

እ.ኤ.አ. በ2022 የተደረገው የሳዑዲ ዐረቢያ የሕዝብ ቆጠራ 32.2 ሚሊዮን ሰው መዝግቧል። ከዚህ ውስጥ 13.4 ሚሊዮኑ የውጭ ዜጋ ነው። የሀገሪቱን ነዳጅ የሚያወጣው አራምኮ ደግሞ ያሉት ሠራተኞች ከ70 ሺህ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ አብዛኞቹም ሳዑዲዎች ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ደላላውን ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም። ነዳጅ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት፣ ጥቂት ሰው የሚሠራበት ኢንዱስትሪ ነው፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ሌት ተቀን የሚሠሩት ፓምፑ፣ ቫልቩና የመቆጣጠሪያ ኮምፒዩተሩ ናቸው። እርግጥ ከኩባንያው ሥራ በኮንትራት የሚወስዱ ድርጅቶችም ሰው ይቀጥራሉ። እዚያ ተራ የሚጠብቁት ግን ብዙ ዓመት የሠሩ የሕንድ፣ የፓኪስታንና የፊሊፒንስ በያጆችና የቧንቧ ሠራተኞች ናቸው።

የእኛ ሰው በብዛት የሚገኘው በሰው ቤት፣ በሹፍርና፣ በጥበቃና በከብት እረኝነት ነው። ነዳጁ እርሱ ዘንድ የሚደርሰው በአሠሪው ኪስ አልፎ ነው።

ካርታውም ይህንኑ ይናገራል። ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ በጀልባ የመን ገብቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ስደተኛ ሳዑዲን የሚነካው በደቡብ ምዕራብ ጫፏ፣ በጂዛን በኩል ነው። ታላላቆቹ የነዳጅ ቦታዎች፣ እነ ጋዋር፣ አብቃይቅና ዳህራን፣ በምሥራቅ፣ በባሕረ ሰላጤው በኩል ናቸው። በመካከሉ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አለ። ጂዛን ውስጥ የነዳጅ ማጣሪያ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወረቀት የሌለው ሰው በማጣሪያ በር አይገባም። ከዚያ በፊት ደግሞ ድንበሩ አለ። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በከባድ መሣሪያ ጭምር ገድለዋል ብሏል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። በመተማ በኩል ያለውም ከዚህ አይሻልም፤ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት።

«መጀመሪያ በቤት ሠራተኛ ቪዛ ግቢ፤ ኩባንያ ትቀይሪያለሽ»

ከውሸቶቹ ሁሉ ይህኛው ይበልጥ ያናድዳል፤ እውነት የሚመስል ነገር ስላለበት። ሳዑዲ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ባደረገችው ማሻሻያ የግል ድርጅት ሠራተኞች በተወሰነ ሁኔታ አሠሪ እንዲቀይሩ ፈቅዳለች። ማሻሻያው ግን የቤት ሠራተኞችን፣ ሾፌሮችንና እረኞችን አላካተተም። ይኸውም አብዛኛውን የእኛን ሰው ማለት ነው። ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ቪዛውም ኢቃማውም (የመኖሪያ ፈቃዱ) ከአንድ አሠሪና ከአንድ የሥራ ዓይነት ጋር የታሰረ ነው። ከቤት የወጣችን ልጅ አሠሪዋ «ሁሩብ» (ጠፍታለች) ብሎ ካስመዘገባት፣ ነዳጅ ኩባንያ ቀርቶ ሻይ ቤትም በሕግ ሊቀጥራት አይችልም። የሚጠብቃት እስርና ወደ ሀገር መባረር ነው።

«የኩባንያ ቪዛ ዋጋው ውድ ነው»

ስለ ገንዘቡ ሕጉ የሚለውን ማንኛውም ወላጅ ቢያውቀው ጥሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 የተሻሻለው የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት ያሉትን የራሱን ሰነዶች ወጪ ነው። እንግዲህ በሬ ተሽጦ፣ መሬት ተከራይቶ «ለቪዛ» የሚሰጠው ብር በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም። ሕጉ ደግሞ ስምሪት የሚፈቅደው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደ ተፈራረመችባቸው ሀገሮች ነው። «ሊቢያ ነዳጅ ላይ» የሚል ሰው ኤጀንሲ ሊሆን አይችልም፤ ሥራው በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስከስስ ነው።

የተማረውን ልጅ የሚያጠምደው ወጥመድ ደግሞ ሌላ ነው። ዲግሪ ላለው፣ እንግሊዝኛ ለሚያነብ፣ «በባሕር አልሄድም» ለሚል ወጣት በኢሜይል የሚላክ ደብዳቤ አለ። የታወቀ የነዳጅ ኩባንያ ዓርማ አለበት፤ ደመወዙ በዶላር ተጽፏል፤ ቤትና መኪና ተጨምሮበታል። ፈተና የለም፤ ቃለ መጠይቁም በቴሌግራም ጽሑፍ አልቋል። ከሳምንት በኋላ «ጠበቃው» ለቪዛ ማስፈጸሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ሲከፈለው ሌላ ክፍያ ይመጣል። እነ ሼልና አራምኮ ከአመልካች ምንም ዓይነት ገንዘብ እንደማይጠይቁ በይፋ ያስጠነቅቃሉ። ካናዳ ውስጥ ደግሞ አሠሪው የውጭ ሠራተኛ ለማምጣት ለመንግሥት የሚከፍለውን የፈቃድ ክፍያ ከሠራተኛው መልሶ መውሰዱ ክልክል ነው። ካናዳን ያነሣሁት ነዳጅ ያላት የአልበርታ ግዛት የሐሰተኛ ደብዳቤ ጸሐፊዎች የሚወዷት ስለሆነች ነው። በካልጋሪና በኤድመንተን ብዙ ኢትዮጵያዊ ይኖራል፤ የሚበዛው ግን በስደተኝነት፣ በቤተሰብ ወይም በነጥብ በሚመዘነው የኢሚግሬሽን መንገድ ገብቶ ሥራውን እዚያው የፈለገ ነው። «የነዳጅ ቪዛ» የሚባል ነገር ገዝቶ የገባ አይደለም።

«ጉልበት ካለህ ይበቃል»፤ ወይም በተቃራኒው «ዲግሪ ካለህ ይበቃል»

ሁለቱም አይበቁም። ይህ ኢንዱስትሪ ሰው የሚመዝነው በእጁ ባለው የሙያና የደኅንነት ማረጋገጫ ነው። ምክንያቱም አለው። በሰሜን ባሕር ላይ የነበረው ፓይፐር አልፋ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲቃጠል 167 ሰው ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕ ዋተር ሆራይዘን ሲፈነዳ 11 ሰው ጠፍቷል። ከጉድጓድ ከሚወጡት ጋዞች አንዱ የሆነው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲያንስ የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚገድል ሰውየው ጋዙ የሄደለት ይመስለዋል። ይህን ያልሠለጠነ ጉልበተኛ ራሱን ብቻ ሳይሆን ሊያድነው የመጣውንም ይዞ ይሞታል።

ስለዚህ በሰሜን ባሕር ላይ የሚሠራ ሰው፣ ወጥ ቤትም ቢሆን፣ መጀመሪያ ቦሲየት የሚባለውን ሥልጠና ይወስዳል። ሄሊኮፕተር በሚመስል ሣጥን ውስጥ ታስሮ ገንዳ ውስጥ ይገለበጣል፤ ከውኃው ሥር ራሱን ማውጣት አለበት። ማረጋገጫው የሚያገለግለው ለአራት ዓመት ነው። በያጅ ከሆነ 6ጂ የሚባለውን፣ ማለትም ዘንበል ብሎ በቆመ ቧንቧ ዙሪያ የሚደረገውን ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ሥራው በቀን 12 ሰዓት፣ ለሳምንታት ያለ ዕረፍት ነው፤ ከዚያ ተመጣጣኝ ዕረፍት ይከተላል። ከምህንድስና ይልቅ ጥሩ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ ክሬን ወይም ትልቅ ካምፕ የሚመግብ የወጥ ቤት ሙያ ይበልጥ የሚፈለግበት ጊዜ ብዙ ነው። በእኔ ግምት፣ ሐሙሲት ወይም ወረታ ውስጥ ብየዳ በደንብ የተማረ ልጅ ያለ ልምድ ከተመረቀ መሐንዲስ ይልቅ ለዚህ ሥራ ይቀርባል። ለዲግሪ ያለን ፍቅር ይህን እንድናይ አያደርገንም እንጂ።

«አንዴ ከገቡበት ዕድሜ ልክ ነው»

በሰኔ 2006 ዓ.ም. አንድ በርሜል ከ100 ዶላር በላይ ነበር፤ በጥር 2008 ከ30 ዶላር በታች ወረደ። በዚያ መካከል በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተሰናበቱ። በሚያዝያ 12 ቀን 2012፣ በኮቪድ ጊዜ፣ የአሜሪካ ድፍድፍ ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ወርዷል፤ ሻጭ ነዳጁን ለሚወስድለት ከፈለ ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት ቀን መጀመሪያ የሚሰናበተው በኮንትራት ያለው የውጭ ዜጋ ነው።

«ሀገር ውስጥ የነዳጅ ልምድ የሚገኝበት ቦታ የለም»

አለ፤ ጠባብ ነው እንጂ። በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተገኝቶ ከብዙ መጓተት በኋላ የመጀመሪያው ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። ከጅቡቲ ነዳጅ የሚያመላልሰው የቦቴ ሾፌር፣ የማከማቻ ዴፖው ሠራተኛ፣ ታንከር የሚበይደው ጋራዥም የነዳጅ ሰዎች ናቸው። ለውጭ አሠሪ የሚታየው ልምድ እንዲህ ባለው ቦታ የተሠራና በወረቀት የተረጋገጠ ነው።

ይህን ልምድ ይዞ በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ ሰው ውሉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይጸድቃል። የወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን ሊያጣራለት ይችላል። ውሉ ላይ የአሠሪው ስም፣ የሥራው መጠሪያ፣ ደመወዙና ከተማው መጻፍ አለባቸው። የአሠሪው ስም ላይ የግለሰብ ስም፣ የሥራው መጠሪያ ላይ «የቤት ሠራተኛ» የሚል ካለ፣ ደላላው በቃል የነገረው ኩባንያ በወረቀቱ ላይ የለም።