«ኦኻላ» ኢንሻአላህ ናት?



ስፔኖች «ኦኻላ» የምትል ቃል አለቻቸው። ፈተና ሲጠብቁ፣ ዝናብ ሲመኙ፣ ቡድናቸው እንዲያሸንፍ ሲፈልጉ ይሏታል። ከዐረብኛ መምጣቷን ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ «ስፔኖች እስከ ዛሬ ኢንሻአላህ ይላሉ» እየተባለም ይወራል። ወሬው ደስ ይላል፤ ግን በትክክል እንደዚያ አይደለም።

የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ቃሏን የሚመልሳት ወደ አንደሉስ ዐረብኛ፣ ወደ «ለው ሻአላህ» ነው። መድረሳ ገብቶ ነሕው የቀራ ሰው «ኢን» እና «ለው» አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። በ«ኢን» የሚነገረው ነገር ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። «ለው» ግን ላልሆነ ወይም ለራቀ ነገር ነው፤ ለምኞትም ያገለግላል። በአማርኛችን «አላህ ከሻ» እና «አላህ ቢሻ ኖሮ» ብለን እንደምንለየው ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በስፔንኛው ውስጥ አልጠፋም። «ነገ ኢንሻአላህ እመጣለሁ» ስንል ለመምጣት ቆርጠን ፍጻሜውን ለአላህ እንተዋለን፤ ሱረቱል ከህፍ ያስተማረን አደብ ይኸው ነው። ስፔኖች ለዚህ የሚሉት «ሲ ዲዮስ ኪዬሬ» ነው፤ «አምላክ ከፈቀደ» እንደማለት። «ኦኻላ» ግን ምኞት ናት፤ ለእኛ የምትቀርበው «ምነው» ናት። «ምነው» ስንል ግሱን «በዘነበ» ብለን እንደምንለውጠው፣ እነሱም ከ«ኦኻላ» በኋላ ግሱን ለምኞትና ለጥርጣሬ ወደሚያገለግለው መልኩ ይለውጡታል። (እንደማይመጣ እያወቀ ለስብሰባ ጥሪ «ኢንሻአላህ» የሚል ወንድም «ኦኻላ» ቢል ይሻለው ነበር!)

«ሻ» የት ሄደች? ቃሏ ድሮ «ኦሻላ» ነበረች። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የስፔንኛው «ሽ» ድምፅ ወደ «ኽ» ሲቀየር እሷም አብራ ተቀየረች። ፖርቱጋሎች ግን ዛሬም «ኦሻላ» ይላሉ።

የሚገርመው ግን ከምን እንደተረፈች ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 ግራናዳ ወደቀች። በ1567 ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ በዐረብኛ መናገርንም መጻፍንም የሚከለክል ዐዋጅ አወጣ። ከ1609 እስከ 1614 ድረስ ደግሞ ሞሪስኮዎች፣ ማለትም በግድ የተጠመቁት ሙስሊሞችና ልጆቻቸው፣ ከአገሩ ተባረሩ። «ኦኻላ»ን የነካት አልነበረም፤ ክርስቲያኖቹ ራሳቸው የገዛ ቋንቋቸው ቃል አድርገው ይናገሯት ነበርና።