ልብስዎን የሚበላው የትኛው ነው?

ሣጥንዎን ከፍተው የሱፍ ብርድ ልብሱ ተበስቶ ቢያገኙት፣ ማታ አምፖል የሚዞረውን የእሳት እራት ይጠረጥሩ ይሆናል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በጋዜጣ እየመታሁ እገድለው ነበር። ለካስ ጥፋቱ የሌላ ነው፤ ልብስ የሚበላው ብል ከብርሃን ይሸሻል እንጂ መብራት አይዞርም።

የነፍሳት ጥናት ሊቃውንት ቢራቢሮንና የእሳት እራትን ሌፒዶፕቴራ በሚባል አንድ ክፍል ይመድቧቸዋል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቅርፊታም ክንፍ ማለት ነው። ልጅዎ ቢራቢሮ ሲይዝ ጣቱ ላይ የሚቀረው ብናኝ ያው ቅርፊት ነው። በዓለም ላይ ስም ከወጣላቸው ከ150 ሺህ በላይ ዓይነቶች መካከል ቢራቢሮዎቹ 18 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው፤ የቀሩት የእሳት እራት ወገን ናቸው። ለመለየት አንቴናቸውን ይመልከቱ። የቢራቢሮው ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ያበጠ ሲሆን፣ የእሳት እራቱ ክር ወይም ላባ ይመስላል።

በግቢዎ ሎሚ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ትል ካዩ፣ ጥቁርና ቢጫ ክንፍ ያለው ትልቁ ቢራቢሮ ልጅ ነው። ሲነኩት ብርቱካንማ ቀንድ ከራሱ አውጥቶ ይሸታል። ሎሚው ችግኝ ካልሆነ ቢተዉት፣ ልጆች ሲለወጥ ያዩታል። የበቆሎ ጠላት የሆነው ተምች ግን የእሳት እራት ልጅ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤው ተምችም እንዲሁ። የጉሎ ቅጠል በልቶ ሐር የሚሰጠውም ትል ከዚሁ ወገን ስለሆነ፣ ሁሉን በጅምላ መኮነን አይገባም።

ወደ ሣጥኑ እንመለስ። ብል ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማይበልጥ፣ ገለባ የመሰለ ነው። ክንፍ ካወጣ በኋላ ምንም አይበላም፤ የሚበላው ትሉ ነው። ትሉ የሚፈልገው ሱፍ፣ ጸጉርና ላባ ነው። የጥጥ ጋቢ እምብዛም አይነካም፤ ላብ ወይም ቅቤ ከነካው ግን ይደፍረዋል። ስለዚህ ልብስ ሳይታጠብ አያስቀምጡ። የሱፉን በየጊዜው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያስጡት፣ በቡሩሽ ያራግፉት፣ የሣጥኑንም ጥጋጥግ ይጥረጉ።

ብዙዎቻችን ይህን ትተን ናፍታሊን እንጨምራለን። ነጩን ኳስ ሕፃን ከረሜላ መስሎት ሊውጠው ይችላል። በተፈጥሮ በደማቸው ውስጥ አንድ ኤንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ደግሞ አሉ፤ ናፍታሊን ውስጥ በከረመ ብርድ ልብስ ቢጠቀለሉ እንኳ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስና ዓይናቸው ቢጫ ሊሆን ይችላል። የአራስ ልጅ ልብስ ከናፍታሊን ጋር በአንድ ሣጥን አይቀመጥ። ልጅ ኳሱን ከዋጠ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።