የልጅ አስተዳደግ መጻሕፍት ከየትኛው መደርደሪያ ይገኛሉ?

የመምህር ሥራ ክፍል ውስጥ ተጀምሮ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ የሚመስለው ሠልጣኝ ካለ፣ ገና ከወላጅ ጋር ቁጭ ብሎ አልተነጋገረም ማለት ነው። በተለይ ከከተማ ራቅ ያለ ትምህርት ቤት የተመደበ መምህር የሚጠየቀው ስለ ሂሳብና ስለ ንባብ ብቻ አይደለም። «ልጄ ትልቅ ሆኖ እስካሁን መኝታው ላይ ይሸናል፣ ምን ላድርገው?» «ታናሹ ከተወለደ ወዲህ ይኸኛው አመሉ ተለወጠብኝ»፣ «አራሱን በሆዱ ላስተኛው ወይስ በጀርባው?» ይባላል። ጠያቂዋ እናት መምህሩ ፊደል ስለቆጠረ ይህንንም አያጣውም ብላ ነው። እሱ ግን ዕድሜው 20 ዓመት ቢሆን ነው፤ እንኳን ልጅ ሊያሳድግ የራሱንም ልብስ በቅጡ ማጠብ የጀመረው ገና አምና ነው! «አላውቅም» ማለት ነውር የለውም። «አንብቤ እነግርዎታለሁ» ማለት ግን ከዚያ ይሻላል። ለዚህ ደግሞ የሚነበበው የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙዎቻችን ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብተን የልጅ አስተዳደግ መጽሐፍ ስንፈልግ እግራችን በቀጥታ የሚወስደን ወደ ትምህርት መደርደሪያ፣ ማለትም ወደ 370 ነው። እዚያ ያለው ሥርዓተ ትምህርት፣ የማስተማር ዘዴ፣ የትምህርት አስተዳደር ነው። «የለም» ብለን እንወጣለን። መጽሐፉ ግን ጥቂት መደርደሪያዎች አልፎ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት አመዳደብ ሜልቪል ዲዊ የተባለው አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ዕውቀትን በሙሉ ከ000 እስከ 999 በቁጥር ይከፋፍላል። በዚህ አመዳደብ የልጅ አስተዳደግ ቁጥሩ 649 ሲሆን የሚገኘውም ከቤት አያያዝ ሥር ነው። 641 ምግብና አበሳሰል፣ 646 ስፌትና ልብስ፣ 648 ልብስ አጠባና ቤት ጽዳት፣ ከዚያ ቀጥሎ 649 ልጅ ማሳደግ! ልጅ ከልብስ አጠባ ጎን መደርደሩ ሊያስቅ ይችላል፤ እናቶቻችን ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን ስለሚሠሯቸው ብዙም አይገርማቸው ይሆናል። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ደግሞ ነገሩን ያጠበዋል፤ ለምሳሌ 649.122 ስለ ጨቅላዎች፣ 649.3 ስለ አመጋገብ፣ 649.64 ልጅን ሥርዓት ስለ ማስያዝ ነው።

ሆኖም 649 ላይ ብቻ መቆም አይበቃም። የልጅ ሥነ ልቦና 155.4 ላይ፣ የሕፃናት ሕክምና 618.92 ላይ፣ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች ትምህርት 371.9 ላይ ይገኛል። መኝታው ላይ ስለሚሸናው ልጅ 649 ካጣችሁ 618.92ን ሳታዩ አትውጡ።

የአማርኛ መጻሕፍት ነገር ለብቻው ነው። በብዙ ቦታ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ የልጅ አስተዳደጉም አንዳንዴ ከሥነ ልቦና፣ አንዳንዴ ከሃይማኖት፣ አንዳንዴም ከልብ ወለዱ መሐል ተቀላቅሎ ይገኛል። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ መጠየቅ ሞኝነት አይደለም። ስትጠይቁ ግን «የልጅ መጽሐፍ አለ?» አትበሉ። እንዲህ ካላችሁ ተረት አውጥተው ይሰጧችኋል። «ለወላጆች የተጻፈ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ» በሏቸው።

ካታሎጉ በካርድ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የውጭ አገር ደራሲ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በቤተሰብ ስሙ ሲሆን፣ የኢትዮጵያዊ ደራሲ ግን በራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም ይዞ የሚፈልግ ሰው መሳቢያውን ሁሉ ሲያገላብጥ ይውላል። የእንግሊዝኛውን በርዕሰ ጉዳይ ስትፈልጉ «ፓረንቲንግ» በሚለው ብቻ ሳይሆን «ቻይልድ ሪሪንግ» በሚለውም እዩ።

ካታሎጉ በኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ የራሳችን ፊደል ያስቸግረናል። ለኛ ጆሮ «ሕፃናት»፣ «ሕጻናት»፣ «ህፃናት»፣ «ህጻናት» ያው አንድ ቃል ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ግን፣ አስቀድሞ ካልተስተካከለ በስተቀር፣ አራቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። መዝጋቢው በሐመሩ ሐ ጽፎት እናንተ በሃሌታው ሀ ብትፈልጉት «አልተገኘም» ይላችኋል። አንዱ ሲያቅት በሌላው ሞክሩ። «አስተዳደግ» የሚለውም በሁለቱ አ እና ዐ ሊጻፍ ይችላል። ከዚህ ሁሉ «ልጅ» የሚለው ቃል ይቀላል፤ እሱን የሚያሳስት ሰው እምብዛም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መጽሐፉ ተገኘ እንበል። ገልጣችሁ ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት የርዕሱን ገጽ ጀርባ እዩና መቼ እንደታተመ አረጋግጡ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ብዙ መጽሐፍ የሚያገኘው በስጦታ ነው፤ በስጦታ የሚመጣ መጽሐፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰጪው አንብቦ የጨረሰው አሮጌ ነው። ታሪክ ወይም ልብ ወለድ ቢያረጅ ጉዳት የለውም። የልጅ አያያዝ ምክር ሲያረጅ ግን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ማስረጃ እነሆ። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤንጃሚን ስፖክ በ1946 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሕፃናት አያያዝ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በአሥር ሚሊዮኖች ቅጂ የተሸጠ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡት እትሞቹ ሕፃን በሆዱ ቢተኛ ይሻላል ይሉ ነበር። ምክንያቱም በጀርባው የተኛ ሕፃን ቢያስመልሰው ሊታነቅ ይችላል የሚል ነው። ሲሰሙት የሚያሳምን ነገር ነው። ዳሩ ግን በሆዱ የሚተኛ ሕፃን እንደተኛ ድንገት የመሞት አደጋው ከፍ ያለ መሆኑ በጥናት ተረጋገጠ። በ1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በሆድ ማስተኛት ይቅር አለ፤ በ1994 አገር አቀፍ ቅስቀሳ ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት በዚያ አገር እንዲህ ያለው ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። የስፖክ መጽሐፍ የኋለኞቹ እትሞችም ታርመዋል። ያልታረሙት ግን ዛሬም በየመደርደሪያው አሉ። ለዚያች እናት የሚሰጠው መልስ እንግዲህ በጀርባው ይተኛ ነው።

የጡትም ነገር እንዲሁ ነው። አሮጌ መጻሕፍት ሕፃን በ4 ወሩ ተጨማሪ ምግብ ይጀምር ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል፣ ውኃም አያስፈልገውም ይላል። ለተቅማጥም ቢሆን ከ2004 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ መጽሐፍ ስለ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ቢነግራችሁ እንኳ አብሮት ለ10 እስከ 14 ቀን ስለሚሰጠው ዚንክ ላይነግራችሁ ይችላል።

ዓመቱን ስታነቡ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ። በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ «1985 ዓ.ም.» ቢል በውጭው 1992 ወይም 1993 ነው። ትርጉም ከሆነ ደግሞ የአማርኛው ዓመት አያታልላችሁ፤ ዋናው መጽሐፍ መቼ ተጻፈ? የሚለውን ፈልጉ። በ1990 ዓ.ም. የታተመ ትርጉም የ1960ዎቹን ምክር ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በዱላ ስለ መቅጣትም አንዳንድ የቆዩ መጻሕፍት የሚሉት አለ። ወላጅ ይህን ቢጠቅስባችሁ፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቀ መሆኑን መደንገጉን አስታውሱ። መምህር ሆኖ «መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነው» የሚል ምክንያት አይሠራም።

በከተማችሁ ያለው ቤተ መጻሕፍት ምንም ከሌለው፣ አዲስ አበባ የሚያደርሳችሁ ጉዳይ ሲገጥም በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ወመዘክርን፣ ወይም በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተውን አብርሆትን ጎብኙ። መታወቂያ መያዝ አትርሱ። የአማርኛውን በተለይ ወመዘክር ጠይቁ፤ አገር ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ቅጂው እዚያ ገቢ እንዲሆን ሕግ ስላለ፣ ሌላ ቦታ የጠፋው እዚያ ሊገኝ ይችላል።

የሚጠቅማችሁን ገጽ ስትገለብጡ የመጽሐፉን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና የገጹን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። ሕመም ወይም መድኃኒት ያለበት ከሆነ ለወላጅ ከመንገራችሁ በፊት ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሳዩዋት፤ እሷ ዘንድ ያለው መመሪያ ከመደርደሪያው መጽሐፍ አዲስ ሊሆን ይችላል።